አማተር ብቻ ተባብለን ነበር

ረጅም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማለቴ የእውነት ረጅም። ታክሲ ውስጥ አንገቱን ሰብሮ ሲቀመጥ ረዳቱ ራሱ አዝኖለት «ጋቢና ግባ ወንድሜ» የሚለው ዓይነት። እኔ ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ሰው አይቼ ሦስት ቀን እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። ያየሁት ደግሞ በፎቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢምፔሪያል አካባቢ የሴራሚክ ሱቅ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ለወንድሜ ትቼ ገርጂ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ። የቡድናችን ዕድሜ ከአርባ በላይ ነው፤ ክብደታችን አይጠየቅም። ግማሹን ሰዓት እንጫወታለን፣ ግማሹን «ፋውል ነው፣ አይደለም» እያልን እንከራከራለን። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ላይ እንሻላለን።

ከመካከላችን ደረጀ የሚባል አለ፤ ኤርፖርት ካርጎ ነው የሚሠራው። አንድ ቅዳሜ ስልኩን ይዞ መጣና ኢንተርናሽናል ግጥሚያ አገኘሁላችሁ አለን። የእኛው ቢጤ የሆኑ የናይሮቢ ጎልማሶች ወደ ሌላ አገር ሲያልፉ ቦሌ ላይ አንድ ቀን ትራንዚት አላቸው፤ ሆቴል ተኝተው ከሚውሉ ከእኛ ጋር ቢጫወቱ ይወዳሉ አለ። ከመገናኛ ልጆች ጋር እንኳ ገጥመን የማናውቅ ሰዎች ኢንተርናሽናል ሲሉን ደረታችን ተነፋ። ደረጀ ጠንቃቃ ነውና «አማተር ብቻ» ብሎ ጻፈላቸው። እነሱም እሺ፣ አማተር ብቻ ብለው ፎቷቸውን ላኩ። ያ ሰውዬ ከኋላ መሐል ላይ ቆሟል። ቆሟል እላለሁ እንጂ ከግንባሩ በላይ ፎቶው ውስጥ አልገባም። ወዲያው ክሬኑ ብለን ስም አወጣንለት። ቦሌ የሚውል ሰው ክሬን ምን እንደሆነ አይነገረውም።

እሱን ማን ይያዘው ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለምን መሰላችሁ? አሁን ወደ ኃጢአቴ መግባቴ ነው።

በወጣትነቴ ብሔራዊ ቡድን ተጠርቼ ነበር። ይሄ እውነት ነው። «ጉልበቴ ነው ያስቀረኝ» እላለሁ። ይሄ ውሸት ነው። የተጠራሁት ለሙከራ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አሠልጣኙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሸኘኝ። ጉልበቴን ያበላሸሁት ከዓመታት በኋላ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ የገዛ ቤቴን ሴራሚክ ተሸክሜ ስወጣ ነው። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንዲሉ፣ የእኔ ቡድንም እኔን ያመሰግናል።

ቡድኑስ ምንም አይደል። ጭንቁ ልጄ ናት። ሒክማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የጉልበቴን ታሪክ እንደ ተረት እየሰማች ነው ያደገችው። እሷም የትምህርት ቤቷ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ አለች፤ ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ አላት። ቱታዋን ለብሳ ስትወጣ ሳያት፣ እኔ ያልደረስኩበት ይህች ትደርሳለች እላለሁ፤ ዓይኔም እንባ ያቀራል። ስጫወት ግን አይታኝ አታውቅም። ስለ ግጥሚያው ከእናቷ ሰማችና «አባዬ፣ እኔም መጥቼ ልይህ» አለችኝ። ምን ይባላል? አትምጪ ይባላል? ስንት ዓመት የገነባሁት ታሪክ በልጄ ፊት በአንድ ኬንያዊ ሊፈርስ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ትንሽ ሰንበት ብሎ ቢጠራ አልጠላም ነበር።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አሰላስል ነበር። ለመሆኑ አማተር የሚባለው ማን ነው? ድሮ ኦሎምፒክ ላይ፣ ኳስ ተጫውቶ የሚከፈለው ሰው ቅርጫት ኳስ ውስጥ አይገባም ነበር። ታዲያ አንዳንዱ አገር ተጫዋቾቹን «ይሄ ወታደር ነው፣ ያ ተማሪ ነው» እያለ ይልክ ነበር። ወታደር የተባለው ከጠዋት እስከ ማታ ኳስ ሲያነጥር ነው የሚውለው። በኋላ መደባበቁ ይቅር ተብሎ በሩ ተከፈተ። የሚከፈላቸው ገቡ፣ ሌላውም በሰፊ ልዩነት እየተሸነፈ ከአሸናፊዎቹ ጋር ፎቶ ተነሣ። እኔ ራሴ ድሮ ለአንድ መሥሪያ ቤት ስጫወት ቱታና አምስት የልብስ ሳሙና ተሰጥቶኛል። ፕሮፌሽናል ነበርኩ ማለት ነው? ከሆንኩም ሳሙናው እስኪያልቅ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። እንግዳ ምሳ ሳይበላ ኳስ አይጫወትምና ገርጂ አንድ ምግብ ቤት ወሰድናቸው። ቡድናችን ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለ፣ እንደ ወትሮው የሥጋ ነገር እንዳይለያየን ዓሣና ሽሮ አዘዝን። ክሬኑ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ተቀምጦም እኔ ቆሜ የምሆነውን ያህላል።

ደረጀ ጉርሻ ጀመረ። እንግዶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ አፋቸውን ከፈቱ። በተለይ ጆሴፍ የሚባል አንድ አጭር መላጣ ሰውዬ፣ ቦርጩ ጠረጴዛውን የሚገፋ፣ ሦስቴ ጎረሰና የሽሮውን አሠራር ጠየቀ። ክሬኑ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና እምቢ አለ። ውኃ ብቻ ጠጣ። ደረጀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ፕሮፌሽናል ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ጉርሻ እምቢ አለ። አማተር ሰው ጉርሻ እምቢ ማለት አይችልም።»

እውነቱን ነው። እኛ እኮ ጠግበንም፣ ታመንም፣ ተጣልተንም እንጎርሳለን። እንዲህ ፈገግ ብሎ እምቢ ማለት ሥልጠና ይጠይቃል። የያዝኩት ዓሣ እጄ ላይ ቀረ።

ቢጨንቀኝ በሱቅ እንግሊዝኛዬ ምነው ምግቡን አልወደድከውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ሆዱን አሳየኝ። ጨጓራ! ምስኪኑን ጨጓራ ይዞታል። ይሄኔ አዲስ አበቤነቴ መጣብኝ፤ ተልባ ጠጣ፣ አጃ ጠጣ፣ ቡና ተው አልኩት። ሰው ስለ ጨጓራው ካወራችሁት ሌላም ያወራል። ቅርጫት ኳስ ወድዶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ፀጉር ቤት ሲሄድ፣ ባንክ ሲሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ «ለየትኛው ቡድን ነው የምትጫወተው?» ይሉታል። አልጫወትም ሲላቸው ሰዎቹ ቅር ይላቸዋል። ሰው ማስቀየሙ ሲሰለቸው በቅርቡ ገባበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግንባሩን ልስመው አማረኝ፤ አይደረስበትም እንጂ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሒክማ ሜዳው ዳር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እውነትም ክሬኑ ኳስ ሲሰጡት ልክ ትኩስ ድንች እንደሰጡት ይሆናል። እኔ አጠገቡ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ከሩቅ ለሚያይ ግን እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ሒክማ አጨበጨበችልኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ሁልጊዜም አይሠራም ማለት ነው።

በሁለተኛው ሩብ ክሬኑ ሆዱን ይዞ ወጣ። እንግዲያው አንተ ያንን ባለቦርጩን ያዝ አሉኝ። በደስታ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አልተርክም። ጆሴፍ አይሮጥም። ላብም የለው። ኳሱን ወደ ላይ የሚወረውር አስመስሎ ተወ፤ እኔ ዘለልኩ። ዘልዬ እስክወርድ ጠበቀኝ፤ በጨዋ ደንብ፣ ሰው ሊፍት እንደሚጠብቀው። ስወርድ ወረወረ። ገባ። በሚቀጥለው አልዘልም አልኩ፤ ሳልዘል ወረወረ። ገባ። አንዴ በግራ ይሄዳል ብዬ ስወረወር በቀኝ አለፈና እኔ ተንሸራትቼ ሄጄ ልጄ እግር ሥር በቂጤ ቁጭ አልኩ። አንድ ጫማዬ ሜዳው ላይ ቀርቷል። ሒክማ አየችኝ። አየኋት።

በአርባ ምናምን ነጥብ ተሸነፍን። ሲያልቅ ደረጀ ጆሴፍን ያዘው፤ አማተር ብቻ አልተባባልንም ወይ? ሰውዬው ፊቱን በፎጣ እየጠረገ፣ ውጭ አገር አሥራ አንድ ዓመት በኳስ እንጀራ መብላቱን አመነ። አሁን የሒሳብ አስተማሪ ነው። አሁን ለመጫወቴ ማንም አይከፍለኝም፣ እንዲያውም የቲኬቴን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ታዲያ አማተር አይደለሁም ወይ አለ። ደረጀን በክርክር የረታው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ወደ የካ አባዶ በሚሄደው ሚኒባስ ከሒክማ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ ዝግ ነው። እስከ መገናኛ በመስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ ነበር። አፍሬ ልሞት ነው። መገናኛን ስናልፍ አልቻልኩም፤ ስለ ሙከራው፣ ስለ ሁለተኛው ቀን፣ ስለ ሴራሚኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

በረጅሙ ተነፈሰች።

«ጉልበትህ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም ልጄ። ስለማልችል ነው።»

«አባዬ፣ እኔም አልችልም እኮ። ደግሞም አልወደውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሄድኩት ስለ ጉልበትህ ነው። አንተ እንደዚያ እየወደድከው በጉልበትህ ከቀረህ፣ እኔ ጤነኛ ጉልበት ይዤ እንዴት እምቢ ልበል?»

ፕሮፌሽናል የሚጫወተው ስለሚከፈለው ነው፣ አማተር ስለሚወደው። ይሉኝታ ይዞት የሚጫወተውን ግን ማንም ደንቡ ላይ አልጻፈውም። ለአንዱ፣ ለክሬኑ፣ ምሳ ላይ አዘንኩለት፤ ሌላዋን ቤቴ ውስጥ ያሳደግኳት እኔው ነኝ። አዘንኩ፣ አፈርኩ፤ ግን ልዋሻችሁ አልችልም፣ ከደረቴ ላይ ትልቅ ድንጋይ ወረደ። እሷም ትከሻዬ ላይ ደገፍ አለች። እንዲህ ካደረገች ቆይታለች።

«ተይው በቃ» አልኳት። «ታዲያ በእሱ ፋንታ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ? ተሰጥኦሽ ምኑ ላይ ነው?»

አሰበችበት።

«ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መጥቼ መተኛት።»

«እሱ እንኳ» አልኳት፣ «በዘራችን አለ።»