ሉማሜ ላይ ያልኳት ኦኬ

ከፈረንጅ ቃል ሁሉ እንደ «ኦኬ» በነጻ ተገኝቶ ያን ያህል ሥራ የሚሠራ አላየሁም። በጃንሆይ ዘመን ሉማሜ አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር ቃሉ ከደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ወጥቶ መንገዱን ሁሉ ይዞት ነበር። ደጀን ላይ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ይሞክርና ወደ ዓባይ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት «ኦኬ» ይላል፤ ከዚህ በኋላ እግዜር ያውቃል ማለቱ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርፌውን ሲነቅል «ኦኬ» ካለ፣ ተነሥተህ ሂድ ነው። ተማሪዬ ያስረዳሁት ሳይገባው ሲቀር «ኦኬ» ይለኛል፤ እባክህ ተወኝ ሲል። እኔ ግን እንደ ተማረ ሰው ነገር መዝጊያ አድርጌው ነበር። አማርኛችን ነገር መዝጋት እንደማይወድ ታውቃላችሁ፤ «እስቲ»፣ «እንግዲህ» እያለ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። በር ገርበብ አድርጎ የመተው ጥቅም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የሺ የምትባል የሉማሜ ልጅ ቅዳሜ ገበያ ፈትል ትሸጥ ነበር። የማልሸምነውን ፈትል እየገዛሁ ሣጥኔን ሞላሁት። ወይ ሸማኔ መሆን ወይ ማግባት እንዳለብኝ ሲገባኝ ሽማግሌ ላክሁ።

ሽማግሌዎቹን የመሩት አጎቴ አያ ደምሴ ነበሩ። ተመልሰው፣ «አባቷ ‹ልጄ ገና ናት› አሉን» አሉኝ።

«ኦኬ» አልኩ።

«ምን ኦኬ አለው? የመጀመሪያው ቀን እኮ ነው። ልጁን በአንድ ቃል የሚሰጥ አባት ልጁ የበዛችበት ነው ይባላል። ገና እንመላለሳለን።»

ወጉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ የጎጃም ልጅ ነኝ። ግን ከረባት አስሬ የተከለከልኩትን ደግሞ ማስለመን አሳፈረኝ። «እምቢ ብለዋል፤ አለቀ» አልኳቸው። አያ ደምሴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ያን ክረምት ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። በጥር የሺን ለአንድ የደጀን እህል ነጋዴ ዳሯት። ሰውዬው ሽማግሌ አራት ጊዜ ልኳል አሉ። ፊደል ያልቆጠረ ነው ብዬ ልንቀው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ፈትሉን ግን አልጣልኩትም። እሑድ እሑድ ሣጥኑን እከፍትና ጥጡን አሸትቼ እዘጋዋለሁ። ናፍቆት ሰውን እንዲህ ያጃጅላል።

ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሳችን ሉማሜ ለሻይ ቆመ። የሺም አባቷን ልትጠይቅ መጥታ ኖሮ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገጣጠምን። ሰላምታው አለቀብንና ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

«አባቴ እኮ ለሁለተኛው ቀን ጠላ አስጠምቀው ነበር» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እስኪሆመጥጥ ጠበቅን። እኔም መንገድ መንገዱን ሳይ ከረምኩ።»

ልነግራት የምፈልገው ሣጥን ሙሉ ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ።

«ለመሆኑ እርስዎ ደህና ነዎት፣ መምህር?»

«ኦኬ ነኝ» አልኳት።

ለውሸትም ያገለግላል።