አርአያ አባቶች በስብሰባ ላይ

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. መካሪ ያጡ የሐረር ልጆች ወደፊት ምን ይውጣቸዋል የሚለው ጉዳይ አቶ ኃይለመስቀልን እንቅልፍ ነሣቸው። እሳቸውም በተራቸው አሥራ አንድ የተከበሩ ጎረቤቶቻቸውን እንቅልፍ ነሥተው «የአርአያ አባቶች የበጎ ፈቃድ ማኅበር»ን መሠረቱ። እያንዳንዱ አባል አንድ ልጅ ይዞ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሊያስጠናና ሊመክር ነው። ለሊቀመንበርነት ከእሳቸው የሚበልጥ አልተገኘም። በመሥሪያ ቤታቸው በሃያ ዓመት ውስጥ ያልመከሩት ሰው ቢኖር ጆሮው የማይሰማው ዘበኛ ብቻ ነው፤ ለእሱም በጽሑፍ ሰጥተውታል።

ሥራው በጥድፊያ ተጀመረ። በማኅተሙ ላይ የሚቀረጸው አባት ባርኔጣ ያድርግ ወይስ አያድርግ የሚለው ሦስት ወር ከተመከረበት በኋላ፣ በእጁ እንዲይዘው በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። «ልጅ» ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ደግሞ ሁለት ወር ወሰደ፤ ጡረተኛው ሻምበል ደምሴ «እናቴ በሕይወት እስካሉ ድረስ እኔም ልጅ ነኝ» ብለው አሻፈረኝ ስላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት የአቶ ኃይለመስቀል ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የባላቸውን ኮት እያራገፉ፣ «ልጅቱን የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስጨንቋታል። ዛሬ እንኳ ከሥራ መልስ ትንሽ ቢያዩላት?» አሉ።

«ዛሬ?» ደነገጡ አቶ ኃይለመስቀል። «ዛሬ እኮ የምንነጋገረው ልጆችን ስለ ማስጠናት አስፈላጊነት ነው! እንዴት እቀራለሁ?»

በስድስተኛው ወር ማኅበሩ አንድም ልጅ እንደሌለው ተደረሰበት። ወዲያው በከተማው ግንብ መግቢያ በሸዋ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ መካሪ ያጣ ልጅ ያመልክት ተባለ። በሳምንቱ አንዲት ማመልከቻ መጣች። ጸሐፊው አቶ ወልደሚካኤል ብድግ ብለው አነበቧት።

«ለተከበረው ማኅበር፤ ዕድሜዬ አሥራ ሦስት ነው። ሒሳብ የሚያሳየኝ አጣሁ። አባት አሉኝ፤ ግን ቀን ሥራ ይሄዳሉ፣ ማታ ስብሰባ ይሄዳሉ፣ እሑድ ንግግር ይጽፋሉ። ከእናንተ አንዱ ሁለት ሰዓት እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።»

አቶ ኃይለመስቀል ጠረጴዛውን በጡጫ መቱ። «ይኸውላችሁ! እንዲህ ያለም አባት አለ! ማነው ስሙ? ይነበብና ይፈር!»

አቶ ወልደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅቱ ጥሩወርቅ ትባላለች።»

«የአባቷን ነው የጠየቅሁት!»

ጸሐፊው ወረቀቱን አቀበሏቸው። ሊቀመንበሩ አዩት። ሁለተኛም አዩት። ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ተቀመጡ። የሊቀመንበሩ ዝምታ በቃለ ጉባኤ ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከብዙ ማሳል በኋላ ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ፤ ለልጅቱም አቶ ኃይለመስቀል በሙሉ ድምፅ መካሪ ሆነው ተመደቡ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግዳጃቸውን ሊወጡ፣ ስለ ትጋት የጻፉትን አራት ገጽ ንግግር ይዘው ከገዛ ልጃቸው ፊት ተቀመጡ።

«ንግግሩን በኋላ ያነቡልኛል፣ አባባ» አለች ጥሩወርቅ ደብተሯን እየገለጠች። «አሁን ይህችን ክፍልፋይ ብቻ ያሳዩኝ።»

ክፍልፋዩን ሠሩት፤ ተሳሳቱ። ደገሙት፤ ባሰባቸው። ልጅቱ አፏን ይዛ ሳቀች። እሳቸውም ሊቆጡ ከጀመሩ በኋላ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሁለቱ ሰዓት አልቆ ሦስተኛው ሲጋመስ እንኳ ማንም አላስተዋለም፤ ንግግሩም ጀርባው ላይ ሒሳብ ተሠራበት።

ይህ በየቤቱ ተወራ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሌሎቹ አባላት ልጆች የማመልከቻ መዓት ጎረፈ። አድልዎ እንዳይሆን ሁሉም ተፈቀደ፤ እያንዳንዱም አባት በገዛ ልጁ ላይ ተመደበ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ ሲጠራ ከአዳራሹ የሚገኙት ልጅ የሌላቸው አቶ ወልደሚካኤል ብቻ ሆኑ። ሦስት ጊዜ ጠብቀው ሲሰለቻቸው የመጨረሻውን ሪፖርት እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ማኅበሩ አባላቱ ልጆቻቸውን በማስጠናት ቤት በመዋላቸው ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ዓላማውን ሳያሳካ ፈርሷል። ለደረሰው ጥፋት አሥራ አንዱም አባቶች በብርቱ ተወቅሰዋል።»