የጋሽ አብዱልሃሚድ ደባሎች

በእኛ በአምባሰል ባቄላ የዘራ ሰው ሁሉ ከውርጭ፣ ከዝንጀሮና ከጋሽ አብዱልሃሚድ መጠበቅ አለበት። ውርጩ ሲመጣ ይመጣል፤ ምንም አይደረግም። ዝንጀሮው በወንጭፍ ይባረራል። ጋሽ አብዱልሃሚድ ግን ምን ይደረጋሉ? ሰላምታ ሰጥተው በሰላም ይገባሉ፣ ቤተሰቡን ከትልቅ እስከ ትንሽ ይጠይቃሉ፣ በዚያው ጎንበስ ይሉና ከማሳው መሃል ያማረውን ባቄላ መርጠው ከነሥሩ ብድግ ያደርጉታል።

እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩ አለ። ደህና የበቀለ ነገር ሲያይ እጁ አያርፍም፤ ከታች ምን እንዳለ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛው ሥር ነቃይ የሚፈልጉት ሥሩ ላይ ያሉትን እንደ ምስር ፍሬ ያነሱ እባጮች ነው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይሰነጥቋቸዋል። ውስጡ ቀላ ካለ «ማሻ አላህ፣ ደባሎቹ ገብተዋል» ይላሉ። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤተሰብ የሞተበትን ሰው በሚያጽናኑበት ድምፅ ባለማሳውን ያጽናኑታል።

ደባል የሚሏቸው ባክቴሪያዎቹን ነው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ባቄላው ሥር ይጠለላሉ፤ እሱ ይቀልባቸዋል፣ እነሱም ከአየር ላይ ማዳበሪያ ሠርተው ያበሉታል። ጋሽ አብዱልሃሚድ በወጣትነታቸው ሳዑዲ እርሻ ላይ ሲሠሩ ይህን ያሳያቸው አንድ ሱዳናዊ ባለሙያ ነው። ሰውዬው በእኛ ላይ ምን እንዳመጣብን ቢያውቅ ኖሮ ዝም ይል ነበር።

አንድ ጊዜ በድንበር የተጣሉትን ኑርዬንና እንየውን እንዲያስታርቁ ለሽምግልና ተጠሩ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ነገሩን ሲያጣሩ እሳቸው ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም እየነቀሉ የማን ደባል እንደሚበልጥ ይመረምራሉ። ለዓመታት ሰላምታ የተነፋፈጉት ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ድምፅ በአላህም በማርያምም ይተዉልን ብለው ለመኗቸው። እርቁ በዚያው ቀን አለቀ።

ወገባቸውን ሲያማቸው ልጆቻቸው አፋር ፍል ውሃ ወሰዷቸው። ሰው ሁሉ ሲታጠብ እሳቸው ከሚፈላው ውሃ ጠርዝ የያዘውን አረንጓዴ ዝልግልግ ቁጢጥ ብለው ሲያዩ ዋሉ። እዚያ ሙቀት ውስጥም የሚኖሩ አሉ ብለው ለወር ያህል አወሩን። ወገባቸው እንደታመመ ነው የተመለሰው።

እኔን ውጫሌ ውስጥ ለልጆች ሳይንስ የማስተምረዋን ሴትዮም አይምሩኝም። ልጄ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ውጦ ሆዱ ሲረበሽ፣ ከክፉዎቹ ጋር ደጎቹን የሆድ ደባሎችም አባረርሽ ብለው ተቆጥተው እርጎ አመጡልኝ። እርጎው ግሩም ነበር፤ ንግግሩ ግን ከእርጎው በዛ።

በ2014 ጦርነቱ ሲደርስብን ወደ ደሴ ሸሸን። ሰው ፍራሽ ይዟል፣ ዶሮ ይዟል። ክቡር ጋሽ አብዱልሃሚድ ከባቄላ ማሳቸው የዛቁትን አንድ ጆንያ አፈር ተሸክመዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዙሌይካ፣ ድስቴን አስጥሎ አፈር ያዘ ብለው እስከ ሐይቅ ድረስ አኮረፏቸው፤ ከሐይቅ እስከ ደሴ ደግሞ ያልተናገሩትን ሁሉ ተናገሩ። እኔም በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ሳቅሁ። በዚያ መንገድ የሳቅሁት በእሳቸው ብቻ ነው።

ስንመለስ ጎተራው ተጠርጓል፣ በሬዎቹ የሉም። የጋሽ አብዱልሃሚድ ባቄላ ማሳ ምሽግ ተቆፍሮበታል፤ ያልፈነዳ ነገር ይኖራል ተብሎ በገመድ ታጥሯል። ማዳበሪያ በወሬ እንጂ በዓይን አልታየም። ለእኔ የቀረችኝ ባህር ዛፍ ተመንጥሮ የተነሳባት የአባቴ ማሳ ናት፤ ባቄላ አይታ አታውቅም። የምዘራትንም ዘር ከዘመድ ለምኜ ነው ያመጣሁት። እሷ ካላፈራች ለልጆቼ የማበላው አልነበረኝም።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ አብዱልሃሚድ ያን ጆንያ ተሸክመው ከደጄ ቆሙ። «ማርያማዊት፣ አብሽሪ» አሉኝ። ትርፍ ሽርጣቸውን ጥላ ሥር አነጠፉ፣ ዘሬን ውሃ ረጭተው ከአፈሩ ጋር አሹት። ፀሐይ እንዳትነካው ጃንጥላ አስይዘው አቆሙኝ፤ ዘንበል ባደረግሁት ቁጥር ተቆጡኝ። ግማሹን ለራሳቸው ያስቀራሉ ብዬ ስጠብቅ ጆንያውን ገልብጠው አራገፉት። ደባሎቻቸውን ለእኔ ሰጥተው ባዶ ጆንያ ይዘው ሄዱ።

ባቄላው በቀለ፤ ግን ቢጫ ሆኖ በቀለ። ጋሽ አብዱልሃሚድም ጠፉብኝ። የሰውን ሁሉ ማሳ ይዞራሉ፣ ይነቅላሉ፤ በእኔ አጥር ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ተራራው ያዞራሉ። ልቤ አዘነ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«ምነው ጋሼ፣ የእኔን አይነቅሉም?»

«አይሆንልኝም» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «ባዶ ቢሆንስ? ልጆችሽን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

እዚያው አቁሜያቸው ገባሁና አንዱን ባቄላ ራሴ ነቀልኩ። ሥሩ በእባጭ ተሞልቷል። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት፤ ውስጡ ቀይ ነው። ሮጬ ወጥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

ጎንበስ ብለው አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀና ብለው ተቆጡኝ።

«ታዲያ ለምን ነቀልሽው? እህል አይደለም እንዴ?»

ቢጫው እያደር ለቀቀ፤ ልጆቼም በዚያ ዓመት ባቄላ ጠገቡ። የጋሽ አብዱልሃሚድ ማሳ ሲከፈት ከእኔ ማሳ አንድ ጆንያ አፈር ዝቄ ወሰድኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ስዘራ ከመንገዱ ዳር አንድ ትርፍ መስመር እጨምራለሁ፤ የእሳቸው መንቀያ ነው። ዘንድሮ ባቄላው አብቦ ሳይመጡ ሰነበቱና፣ ታመው ይሆን ብዬ ሰው ላክሁባቸው።