ጉጉቷና የእድሩ ድንኳን

በእኛ ደብረ ብርሃን ሰው እንደ ልቡ ማሳል የሚችለው ግቢው ውስጥ ጉጉት እስካልታየች ድረስ ነው። ከታየች ወዲያ ሳሉ የመንደሩ ንብረት ይሆናል። እኔ ብርዱ ከጣርማ በር በኩል ሽው ሲል ማሳል የቆየ ልማዴ ነው። ስንት ዓመት ሳስል ከቁም ነገር የቆጠረኝ ሰው አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ፊቴን ልታጠብ ብወጣ፣ አባቴ የተከሉት ጽድ ላይ አንዲት ጉጉት ተቀምጣ ቁልቁል ታየኛለች። ንቅንቅ የለም። እንዲህ ያለ እርጋታ ማኅተም ከያዘ ሰው በቀር በማንም ላይ አይቼ አላውቅም። ከሥሯ ደግሞ የአይጥ አጥንትና ፀጉር ተድቦልቡሎ ወድቋል። አጥራችንን ተደግፎ የተሠራው የእድሩ ዕቃ ቤት አይጥ እንደፈላበት ያልተናገርኩበት ስብሰባ የለም፤ የሰማኝ ግን እግዜር ብቻ ኖሯል። ደስ አለኝ።

ባለቤቴ አሰለፈች ጉጉቷን ስታይ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ቁርስ እየጠበቅሁ እሷ ሐዘን ተቀመጠች።

ረፋድ ላይ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተክሌ ከተፍ አሉ። እንዴት አደርክ ሳይሉ፣ ሳሉ እንዴት ነው አሉኝ። ጉጉት ሰው ካልጠራች ግቢ አትገባም፤ ዛፉ ይቆረጥ አሉ። የአይጡን አጥንት አሳየኋቸው። አማተቡና፣ ጭራሽ አጥንትም መታየት ጀምሯል ብለው ለአሰለፈች ነገሯት። ማስረጃ ያቀረብኩ መስሎኝ ክሱን አጠነከርኩላቸው።

ይህ ዛፍ አባቴ ተክለውት እኔ በልጅነቴ ውሃ እያመላለስኩ ያሳደግሁት ነው፤ በሕይወት እያለሁ ምሳር አይነካውም አልኳቸው። ጋሽ ተክሌ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ እሱንማ እንጠብቃለን አሉኝ።

አልጠበቁም። በሳምንቱ ለዘመድ ክርስትና ጫጫ ውዬ ስመለስ ጽዱ ተጋድሟል። አሰለፈች እያለቀሰች፣ ከባልሽና ከዛፉ ምረጪ አሉኝ፤ አንተን መረጥኩ አለችኝ። እስቲ ፍረዱኝ፤ የመረጠችህን ሚስት በምን አፍህ ትቆጣታለህ? ንዴቴን እንዳለ ተሸክሜ ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድኩና ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ድምፅህ ጠርቷል፣ ይኸው ተሻለህ አይደል? አሉኝ። ጉጉቷም አልተመለሰች፤ ምን ላይ ትረፍ?

ሞትስ ቀረ? ሐምሌ ላይ ጉጉት ደርሳበት በማታውቅ ቤት ዘጠናን የዘለሉ አዛውንት አረፉ። የእድሩ ድንኳን ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ ተተከለ። አይጥ ወንፊት አድርጎታል። ያ የሐምሌ ዝናብ በቄሱም በለቀስተኛውም ላይ እኩል ወረደ፤ ትልቁ ቀዳዳ ከጋሽ ተክሌ ራስ በላይ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት።

በቀጣዩ እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ለዕቃ ቤቱ ድመት ትምጣ ተባለ። ሁሉም እጁን አወጣ። ጸሐፊው ውሳኔውን ጽፎ ሊዘጋ ሲል ጋሽ ተክሌ አስቆሙትና አንድ ነገር አስጨመሩ፤ ጥቁር እንዳትሆን።