ለዘንዶው የተሰጠችው ፍየል

የጥንት አፈ ታሪክን ለልጆች እንዲሆን አድርጎ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ነው። አባቶቻችን ተረት ሲያወሩ ለማንም አይራሩም ነበር። ዘንዶው በየዓመቱ ልጃገረድ ይውጣል፣ ደም እንደ ወንዝ ይፈሳል፣ አድማጩ ሕፃን ደግሞ እዚያው ጉልበታቸው ሥር እንቅልፉን ይለጥጣል። የዛሬ ልጅ ግን እናት አለችው። እናቱ ስልክ አላት፤ የኔንም ቁጥር ታውቃለች።

ስለዚህ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሕዝቡን ግብር ያስከፍል የነበረውን የዘንዶ ንጉሥ ታሪክ ለልጆች ልጽፍ ስነሳ፣ የሚያስፈራውን ሁሉ እንደ ጎመን ቀነጠስኩት። ልጃገረዶቹን አወጣኋቸው። ደሙን አደረቅሁት። ለዘንዶው እንኳ ጥቂት ጥርስ ብቻ ተውኩለት። የቀረው ጀግናው ነው፤ እሱም ለአንዲት ፍየል መርዝ አብልቶ ለዘንዶው ይሰጣታል፣ ዘንዶውም ውጧት ይሞታል። ይኼ ምኑ ያስፈራል?

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን ደረጃ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ አነበብኩላቸው። ማንበብ ሲያንሰኝ ተወንኩት፤ ጀግናውን እኔ ሆንኩ። ፍየሏ መርዙን የምትበላበት ቦታ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ብይ» እያልኩ እጄን ዘረጋሁ። ልጆቹ ፀጥ አሉ። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከፊት የተቀመጠችው ሐያት፣ ምድር ቤት ሱቅ ያላት የሰሚራ ልጅ፣ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም። በተመስጦ ነው ብዬ ኮራሁ። አረፋ መድረሱን፣ ከብሎኩ ጀርባም የእነ ሰሚራ ፍየል መታሰሯን ያን ጊዜ ማን አስቦት?

ምሳ ሰዓት ላይ ሰሚራ በሬን አንኳኳች። «ጋሽ ታደሰ፣ ሐያት እርስዎ ጋ ናት?» አለችኝ። የለችም አልኳት። ፍየሏም የለችም አለችኝ። ፍየል ብቻ ብትጠፋ ሌባ ወሰዳት ይባላል። ልጅና ፍየል አብረው ሲጠፉ ግን ምን ይባላል? ያቺ እጄ ላይ የተተከለች ዓይን ትዝ አለችኝ። ሐያት ተረቴን ሰምታ ፍየሏን ይዛ ሳትወጣ እንዳልቀረች ለሰሚራ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ሱቋን ክፍት ጥላ በነጠላ ጫማ ሮጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ታክሲ መያዣው ጋ አንድ ረዳት፣ ፍየል የምትጎትት ትንሽ ልጅ ወደ ለቡ አቅጣጫ ስትሄድ አይቻለሁ አለን። በዚያ በኩል ያለውን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ለሕንፃ መሠረት ተብሎ የተቆፈረ፣ የሰኔ ዝናብ የሞላው፣ አጥር የሌለው ጉድጓድ ነው። እዚያ ድረስ ሮጥን። ቦታው ስንደርስ ሰሚራ በአንድ የአሸዋ ክምር በኩል ዞረች፣ እኔ በታች በኩል ገባሁ።

ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሐያት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ፍየሏ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ታኝካለች። ከልጅቷ ጀርባ ጥልቀቱን ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ድፍርስ ውሃ አለ።

ስሟን ጠራሁ። አየችኝና ወደ ኋላ ሸሸች። እኔ ወደ ፊት ስራመድ እሷ ወደ ኋላ፤ ከተረከዟ ሥር አፈር ተንዶ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ያኔ ገባኝ። ዘንዶውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የምትሸሸው ጀግናውን ነው። ጀግናው ደግሞ እኔ ነኝ፤ እጄም ልክ እንደ ጠዋቱ ተዘርግቷል።

እጄን ኪሴ ከተትኩት። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ፍየሏ አትሞትም» አልኳት።

«ጠዋት ሞተች አልክ» አለችኝ። እስከ ጠዋት ድረስ አንቱ ትለኝ ነበር።

«ተሳስቼ ነው። አስተካክዬዋለሁ።»

«ታዲያ ዘንዶው ምን በላ?»

በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ አርታኢ የለም። ዝም ካልኩ ደግሞ ልትንቀሳቀስ ነው። «ሽሮ» አልኳት።

«መርዝ አለው?»

«የለውም። በርበሬው ብቻ በዝቷል።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ አፌ እንዳመጣልኝ ቀጠልኩ። የዘንዶው አፍ ተቃጠለ፣ ውሃ ፍለጋ ወጣ፣ ወንዙን ጠጥቶ ጨረሰ፣ ሆዱ ተነፍቶ መሳብ አቃተው። ይህን ስቀባጥር ሰሚራ ጫማዋን አውልቃ በጉድጓዱ ጠርዝ ቀስ እያለች ስትመጣ በዓይኔ ጥግ አየኋት። ወደ እሷ ላለመዞር ሐያትን ብቻ እያየሁ፣ ከንፈሬ እየተንቀጠቀጠ ያን ዘንዶ አስነጠስኩት፣ አስለቀስኩት፣ ይቅርታ አስጠየቅሁት። ሰሚራ ደርሳ ልጇን ከጎን ለቀም አድርጋ ስታቅፋት፣ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረስኩም።

ሰሚራ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ብዙ ቆየች። ከዚያ የፍየሏን ገመድ ለእኔ አቀበለችኝ። ፍየሏ ከኔ ጋር አልሄድም ብላ ድርቅ አለች፤ ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ ሆና ሳትሰማኝ አልቀረችም። አረፋ ዕለት ምን እንደሆነች አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ከደረጃው የልጆች ድምፅ ሰማሁና በሬ ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። ተራኪዋ ሐያት ናት። በእሷ ተረት ውስጥ ዘንዶ የሚባል ነገር የለም። ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ፣ ብልህ ፍየል አለች፣ ፍየል የሚያሳድድ አንድ ሽማግሌም አለ። ሽማግሌው ጭቃ ላይ ተቀምጦ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ ስታሳያቸው ልጆቹ ተንከተከቱ። አንዱ ሳቁን ሲጨርስ፣ «ሽማግሌውስ በመጨረሻ ሞተ?» ብሎ ጠየቃት።

ሐያት ትንሽ አሰበች። «ገና ነው» አለችው።