ሦስት ደቂቃ ምስጋና

ስብሰባ ላይ አመስግኖ ሳይጨርስ ሰዓት የሚያልቅበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሰርቦው ጎረቤቴ አባ ዱራ እንደዚያ ናቸው።

የወረዳው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ለአስተያየት ሲቀርብ፣ ከምንጠጣው ምንጭ በላይ የቡና መፈልፈያ ተስሎ አየን። «እርስዎ ይናገሩልን» አልናቸው። ተነስተው መድረኩን አመሰገኑ፤ ካርታውን የሳሉትን አመሰገኑ፤ ወንበር የደረደሩትን እንኳ አልዘለሉም። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ወደ ምንጩ ስመጣ...» ሲሉ ሰብሳቢው፣ «አባቴ፣ ሦስት ደቂቃዎ አልቋል» አላቸው።

አጨበጨብን።

በገንኩ። ቀጣዩ ተናጋሪ እኔ ነበርኩ። ተነስቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «በቅድሚያ ይህን መድረክ ላዘጋጁልን አካላት...» ብዬ ጀመርኩ።

ዛሬ ምንጩ የቡና ፍሳሽ ይሸታል። ቃለ ጉባኤው «ነዋሪው ምስጋናውን አቅርቧል» ይላል። ምኑ ላይ ዋሸ ልበል?