«እስቲ ልየው» ባዮች

እናንተዬ፣ ከወለምታ የባሰ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? ጠያቂ! ሯጭ የሆነው የወንድሜ ልጅ አዱኛ የቁስቋምን ቁልቁለት ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱን ወለም አለው። ሐኪሙ በረዶ አስይዞ በፋሻ አሰረለትና «ማንም ካላሸህ ለውድድሩ ትደርሳለህ» አለው።

እኛ አገር የተጎዳ ጠይቆ ሳያሽ የሚመለስ ማን አለ? ጎረቤታችን አያ በላይ ቅቤውን ይዞ ከተፍ አለ። «ምነው ልጄ! እስቲ ልየው» ብሎ ፋሻውን ፈትቶ እግሩን ሲጎትተው አዱኛ ጩኸቱን አቀለጠው። እኔም ተራዬን ጠብቄ ሸጋ አድርጌ አሸሁት።

አዱኛ ሮጦ ሜዳሊያ አጠለቀ። አያ በላይ «በኔ እጅ ነው የዳነ!» እያለ ፒያሳን በወሬ ሞላው። ልጁ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አጎቴ፣ ጠያቂ ሲመጣ ፋሻውን ወደ ደህናው እግሬ አዛውሬው ነበር» አይለኝም!

ውሸቱን ነው። ያሸሁት እኔ፤ እግሩ ሲድን በእጄ ተሰምቶኛል።